የማይሾስ ገበሬ ወይኑን በሙሉ ለማህበሩ ያስረክብ?

በምዕራብ ጀርመን በአር ወንዝ ሸለቆ ያለችው ማይሾስ እ.ኤ.አ. በ1868 የተቋቋመ የወይን ገበሬዎች ማህበር አላት፤ እስካሁን ከሚሠሩት በዓለም አንጋፋው እንደሆነ ይነገርለታል። በጀርመን የወይን ማህበራት ዘንድ አባል ምርቱን በሙሉ ማስረከብ የተለመደ ግዴታ ነው። ይቀጥል ወይስ ይላላ?

ይቀጥል ባይ፦ 18ቱ መሥራቾች ለምን እንደተሰባሰቡ እናስታውስ። የተለቀመ ወይን አያድርም። መጭመቂያና በርሜል የሌለው ገበሬ ነጋዴው በቆረጠለት ዋጋ ከመሸጥ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። ነገሩ የተቀየረው በጋራ ጨምቀው፣ በጋራ አከማችተው፣ በራሳቸው ስም መሸጥ ሲጀምሩ ነው። የጋራው ጓዳ ደግሞ የሚቆመው ምርቱ በሙሉ ሲገባ ነው። አባሉ ምርጡን አስቀርቶ የተረፈውን ቢያመጣ፣ የማህበሩ ጠርሙስ ምን ስም ይኖረዋል?

ይላላ ባይ፦ እርስዎ የሚያነሱት የዛሬ 150 ዓመት የነበረውን ነጋዴ ነው። እኔ የማስበው ዛሬ እርከኑ ላይ ስለሚወጣው ሰው ነው። የማይሾስ ዳገት ትራክተር አያስገባም፤ በድንጋይ ካብ የተደገፈ ነው፣ ቀጫጭኑ ጥቁር ድንጋይም ከእግር ሥር ይንሸራተታል። ገረዛውም ለቀማውም በእጅ ነው። ያ ድንጋይ ግን ቀን ያጠራቀመውን ሙቀት ሌሊት ለተክሉ ይሰጣል፤ ይህን ያህል ሰሜን በሆነ ስፍራ ሽፔትቡርጉንደርን የመሰለ አስቸጋሪ ቀይ ወይን እንዲበስል ይረዳል። ከዚያ የወረደ ፍሬ ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ሲጨመቅ የሰውየው ላብ የት ደረሰ? ከእርሻው አንዷን ቁራሽ በራሱ ስም ቢሸጥ፣ ልጁም እርሻውን የሚረከብበት ምክንያት ያገኛል።

ይቀጥል ባይ፦ ሁሉም ይቀላቀላል ማለትዎ ልክ አይደለም። ማህበራት ፍሬውን ሲረከቡ የጭማቂውን ስኳር ኦክስለ በተባለ መለኪያ ይለካሉ፤ ዋጋውም እንደ ጥራቱ ይለያያል። የምርጥ እርሻ ወይን ደግሞ በእርሻው ስም ለብቻው ይታሸጋል።

ይላላ ባይ፦ ስኳር ድካምን አይለካም። ዳገቱ ከሜዳው ብዙ እጥፍ የሥራ ሰዓት ይበላል፤ ክፍያው በኪሎና በስኳር ብቻ ከሆነ ቀድሞ የሚተወው ዳገቱ ነው።

ይቀጥል ባይ፦ ለዳገት ተጨማሪ ይከፈል፣ በዚህ እስማማለሁ። ግን እ.ኤ.አ. ጁላይ 14 ቀን 2021 የደረሰውን ጎርፍ ያስቡ። በሸለቆው ከ130 በላይ ሰው ሞተ፤ ጓዳዎች በጭቃ ተሞሉ፣ በርሜሎች በውሃ ተወሰዱ። ለለቀማው የቀረው ጥቂት ሳምንት ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ብቻውን የቆመ ገበሬ በምን አቅሙ ይነሳል?

ይላላ ባይ፦ ያኔ ከሌሎች የጀርመን ወይን አውራጃዎች የመጡት ሰዎች አባል ነህ ወይ ብለው አልጠየቁም። ጭቃ የለበሱት ጠርሙሶች ሳይታጠቡ ተሽጠው ከ4 ሚሊዮን ዩሮ በላይ ሲሰበሰብ፣ የግል ጓዳ ያላቸውም ተሳትፈዋል። እኔ አባላት ከማህበሩ ይውጡ አላልኩም። አስረኛው እጅ ይተውላቸው፣ ዘጠኙን ያስረክቡ።

ይቀጥል ባይ፦ አስረኛው እጅ ከየትኛው እርከን እንደሚሆን ማህበሩ ይምረጥ፣ እኔም እሺ እላለሁ።

ይላላ ባይ፦ ገበሬው ይምረጥ። ካቡ ሲናድ የሚጠግነው እሱ ነው።