«ማን ደረሰልን?»

በፈረንጆቹ መስከረም 2014 ስኮትላንድ ከብሪታንያ ትገንጠል ወይስ ትቅር ተብሎ ድምፅ ሲሰጥ፣ ግላስጎ ላይ እኔም ተሰልፌ ነበር። መሥሪያ ቤታችን ውስጥ አንዷ «አዎ»፣ አንዱ «አይ» የሚል ባጅ ደረታቸው ላይ ለጥፈው አብረው ሻይ ይጠጣሉ። የሚጨቃጨቁት በምን መሰላችሁ? ፓውንዱ ይቀጥላል ወይ? ጡረታችንን ማን ይከፍላል? የሰሜን ባሕር ነዳጅ እስከ መቼ ያዘልቃል? 55 በመቶው «አይ» አለ። በማግሥቱ ዓርብ ሁለቱም ሥራ ገቡ። የሷ ዓይን ቀልቷል። ሻይ ያፈላላት እሱ ነው።

«መሠልጠን እንዲህ ነው!» ብዬ ነበር፤ የሰሜን አየርላንድን ዋና ከተማ ቤልፋስትን እስካይ ድረስ።

በመርከብ ሁለት ሰዓት ከምናምን ነው። ያው መንግሥት፣ ያው ፓርላማ። ግን በካቶሊክና በፕሮቴስታንት ሰፈር መሃል ከቤት ጣሪያ የሚበልጥ ግንብ ቆሟል። «የሰላም ግንብ» ይሉታል (ስሙ ራሱ አያስቅም?)። በ1969 ለጊዜው ተብሎ የተጀመረ አጥር ነው።

የዚያን ዓመት ነሐሴ ቦምቤይ ስትሪት በሚባል መንገድ የካቶሊኮች ቤት ተቃጠለ። ፖሊሱ በአብዛኛው ፕሮቴስታንት ነበር፤ አላዳናቸውም። ሰሜን አየርላንድን ከብሪታንያ ነጥሎ ከአየርላንድ ጋር ለማዋሐድ የሚታገለው የካቶሊኮቹ ወገን ታጣቂ ቡድን፣ አይአርኤ፣ ያኔ ደክሞ ነበር። ዓመቱ ሳያልቅ ግን ተሰነጠቀና ሰፈራችንን እኛው እንጠብቃለን የሚል አዲስ ክንፍ ወጣ። የብሪታንያ ወታደር ሲገባ እኮ ካቶሊኮቹ መጀመሪያ ሻይ ይዘው ነው የተቀበሉት። ከዚያ በ1971 ያለ ፍርድ ማሰር መጣ። በጥር 1972 ደሪ ከተማ ላይ ወታደሮች ሰልፈኛ ላይ ተኩሰው በዕለቱ 13 ሰው ገደሉ። ከዚያ ወዲያ ወጣት ለመመልመል ብዙ መስበክ አላስፈለገም። የአየርላንድ ጥያቄ ድሮም ነበር፤ እኔ የምለው ጠመንጃውን ማን አቀበለው ነው። ከ3,500 በላይ ሰው ካለቀ በኋላ በ1998 ተስማሙ። ካስቸገሯቸው ጉዳዮች አንዱ ፖሊሱ የማን ይሁን የሚለው ነበር። በ2001 ፖሊሱ ስሙን ቀይሮ ከሁለቱም ወገን እኩል መመልመል ጀመረ።

ወደ እኛ ልምጣ። እኛ ስለ መገንጠል ስንከራከር አንዱ «ሁሉንም ያመጣው አንቀጽ 39 ነው» ይላል፤ ሌላው «መብቴ ነው» ይላል። አክስቴ አንቀጹን ሰምታ የምታውቅ አይመስለኝም። የምትኖርበትን ከተማ አልጠራም፤ ደቡብ ውስጥ ነው።

ሁሉ ጥያቄ ከፍርሃት ይወለዳል እያልኩ አይደለም። የሲዳማ የክልልነት ጥያቄ ዘመን የቆየ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር ሕዳር 10 ቀን 2012 በድምፅ ተቋጭቷል። ከዚያ በፊት በሐምሌ ግን ቀጠሮው ሲጓተት ሰው ሞተ፣ ቤት ተቃጠለ። ቤቱ የተቃጠለበት ሰው በማግሥቱ ምን እንደሚያስብ ነው የሚገርመኝ።

አክስቴ ጋ እንዲህ ነው የሆነው። ድሮ ሰፈሯ ውስጥ ሮንድ የሚቆመው ተቀላቅሎ ነበር። የሁሉም ልጅ ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ ሴቶቹ ቡና ይልካሉ፤ የሚፈራው ሌባ ነው። ከዚያ አንድ ቀን ሁለት ቤት ተቃጠለ። ፖሊስ የመጣው ሲነጋ ነው። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሮንዱ ለሁለት ተከፈለ። በቋንቋ። «የእኛ ልጆች» አለችኝ በስልክ። ይህችን ቃል ከአፏ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። ቅር እንዳለኝ ሲገባት «ታዲያ ማን ደረሰልን?» አለች።

ምን ልመልስላት? የኛ ልጆች ሮንድ የቆሙት ፈርተው ነው። እነዚያ የቆሙትም የኛን ልጆች ፈርተው ነው። ቀጥሎ ቀበሌው፣ ወረዳው፣ ክልሉ «የራሳችን ይሁን» ቢባል ማን እምቢ ይላል?

ውጭ ያለነው ደግሞ ጉድ ነን። በራችን በሌሊት ቢንኳኳ 999 ብለን ፖሊስ ጋ እንደውላለን። ከዚያ ሶፋ ላይ ተጋድመን የሰውን ልጅ «ታጠቅ!» እንላለን። እኔም አንድ ሌሊት ቲክቶክ ላይቭ ገብቼ ብያለሁ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

ባለፈው እሑድ ስንደዋወል «እናንተ ሰፈር ማታ ሮንድ ማን ይቆማል?» አለችኝ።

«ማንም አይቆምም።»

«እንዴ! ታዲያ እንዴት ትተኛላችሁ?»