በረኛ ኳስ ለቃሚ አይደለም

ሐምሌ ገባ፤ ጦሳ ጉሙን ተከናነበ፤ ደሴ ላይ ሜዳው ሁሉ ማጥ ሆነ። እንግዲህ የክረምት ልምምድ የሚባለው ቀልድ ሊጀመር ነው። አጥቂው ይሮጣል፣ አማካዩ ይሮጣል፣ በረኛውም አብሮ ይሮጣል። ሩጫው ሲያልቅ ሌላው ኳስ ይዞ ይጫወታል፤ በረኛው ጎል ውስጥ ይገተርና ሃያ ሰው በየተራ ይጠልዝበታል። አጥር ሥር የገባችውንም ለቅሞ የሚያመጣ እሱ ነው። ውድድር ሲጀመር የመጀመሪያዋን ተሻጋሪ ኳስ ሲስት ታዲያ "ምን ነካው ይሄ ልጅ?" ይባላል። ኧረ በአላህም በማርያምም! ሁለት ወር ሙሉ ምን አሠራችሁትና?

ዳገት ለዳገት አንድ ሰዓት መሮጥ ለአማካይ ይጠቅም ይሆናል። የበረኛ ሥራ ግን ሁለት ሦስት እርምጃ፣ አንድ ዝላይ፣ ተነስቶ ሌላ ዝላይ ነው፤ ቢበዛ አምስት ሰከንድ። ልምምዱም እንደዚያው ይሁን፦ 5 ሜትር እግር ሳያጠላልፉ ወደ ጎን መራመድ፣ ቀጥ ብሎ መቆም፣ መዝለል፣ ተነስቶ ቦታ መያዝ። ስድስት ጊዜ ይሥራው፤ በየመሃሉ 40 ሰከንድ ይረፍ። እረፍቱን ስንፍና አድርጋችሁ አትዩት። ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ እያለ የሚሠራ በረኛ እግሩን እያጠላለፈ መሄድ ይለምዳል፤ እግሩ በተጠላለፈበት ቅጽበት ኳስ በተቃራኒው ከመጣች አለቀለት። አጥቂው ሊመታ እግሩን ሲያነሳ የበረኛው ሁለት እግር መሬት ላይ መሆን አለበት፤ ይህን ደግሞ በድካም ሳይሆን በዝግታ በመደጋገም ነው የሚለምደው።

"ጭቃ ነው፣ ምን ይሠራል?" የሚለው ሰበብ ጭራሽ አይዋጥልኝም። የቦታ አያያዝ ለመሥራት ሣር ማን ጠየቀ? ጎሉ 7.32 ሜትር ነው። ግማሹን፣ 3.66 ሜትር፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ በኖራ አስምሩ። 16.50 የሚባለው፣ ከጎሉ እስከ ቅጣት ክልሉ መስመር ያለው ርቀትም፣ በግማሽ 8.25 ይሆናል፤ እዚያ ላይ ኳስ አስቀምጡና ከኳሷ ወደ ሁለቱ ቋሚዎች ሲባጎ ወጥሩ። በረኛው በሲባጎዎቹ መካከል ይቁም። መስመሩ ላይ ከቆመ የሚጠብቀው 3.66ቱን በሙሉ ነው። 2 ሜትር ወደ ኳሷ ሲወጣ በግራና በቀኙ ባሉት ሲባጎዎች መካከል ያለው ስፋት ወደ 2.80 ይጠባል። በእውነተኛው ሜዳ 4 ሜትር መውጣት ማለት ነው፤ 7.32 የነበረው 5.50 ግድም ይሆናል። (ከዚያ በላይ ከወጣ ደግሞ ብልጥ አጥቂ በአናቱ ያሳልፍለታል፤ እሱንም ይወቀው።) ኳሷን ቀኝና ግራ እያዘዋወራችሁ ዓይኑን ጨፍኖ ቦታ እንዲይዝ፣ ከዚያ ገልጦ ሲባጎውን እንዲያይ አድርጉ። ወደ አንዱ ቋሚ የሚያዘነብል ከሆነ እዚያው ይጋለጣል። ይህን ለመሥራት ከአቦል እስከ በረካ ያለው ጊዜ ከበቂ በላይ ነው።

ዓይንስ? ከ11 ሜትር በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር የተመታች ሪጎሬ ጎል የምትደርሰው በ0.4 ሰከንድ ነው። እንዲህ ያለችውን ኳሷን አይቶ የሚይዛት የለም፤ የመቺውን ዳሌና መሬት የተከለውን እግር አንብቦ ነው እንጂ። በክረምት የሚዶለዱመውም ይኸው ንባብ ነው። ጨዋታ በቴሌቪዥን ስታዩ ለ15 ደቂቃ ኳሷን ትታችሁ በረኛውን ብቻ እዩ፤ ከባድ ነው፣ ሞክሩት። ለእጅ ደግሞ የቴኒስ ኳስና ግድግዳ ይበቃል፦ ከ2 ሜትር ላይ በቀኝ ወርውሮ በግራ መያዝ፣ 30 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ሲለመድ ሌላ ሰው ከኋላው ቆሞ ግድግዳው ላይ ይወርውርለት፤ ኳሷ ከየት እንደምትመጣ አያውቅምና ዓይኑ ይነቃል።

ሜዳ ላይ መውጣት ከተቻለም ዝናቡ ራሱ ያስተምራል። ርጥብ ሣር ላይ የነጠረች ኳስ ትፈጥናለች፣ ኩሬ ውስጥ የገባች ደግሞ ቀጥ ትላለች። መያዙ ካጠራጠረ ወደ ጎን መግፋት ነው፤ ወደ ፊት የተፋት ኳስ የአጥቂ ሲሳይ ናት። በዚያ ብርድ ግን ሰውነት ሳይሞቅ አታዝልሉት፣ ብሽሽቱ ይሸመቀቃል። 15 ደቂቃ ያሙቅ፣ ከዚያ መጀመሪያ ተንበርክኮ፣ ቀጥሎ ቁጢጥ ብሎ፣ በመጨረሻ ቆሞ ይውደቅ። አወዳደቁ በጎኑ ነው፤ ጭን፣ ዳሌ፣ ትከሻ። በክርኑ የሚወድቅ በረኛ ካያችሁ ከመሠረቱ ያስተማረው የለም ማለት ነው።

አሁን ወደሚያናድደኝ ዋና ነገር ልምጣ፤ ድምፅ። ከኋላ ሆኖ ሜዳውን በሙሉ የሚያየው እሱ ብቻ ነው፤ ክረምቱን ግን ዝም ብሎ ይከርማል። ሲጮህም "ተጠንቀቅ!" ይላል። ከምን? ወዴት? ጥሪ መጀመሪያ ስም፣ ቀጥሎ ሥራ ነው፦ "ከድር፣ ግራህን!" ሊወጣ ከሆነ "የኔ!"፣ የማይወጣ ከሆነ "አውጣ!"። ሁለቱንም አስቀድሞ፣ ከሆዱ፤ "የኔ!" ብሎ ግማሽ መንገድ ላይ መመለስ ጭራሽ የለም። ልምምዱ ጭቃም አያግደውም። ተከላካዮች በእርምጃ ይንቀሳቀሱ፣ አንዱ ከማዕዘን በእጁ ይወርውር፣ ከበረኛው በቀር ማንም አይናገር። አሥር ደቂቃ ይበቃል።

ሕጉም እኮ ተቀይሯል። እ.ኤ.አ. ከ2025 ጀምሮ በረኛ ኳስ በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ቅጣቱ የማዕዘን ምት ነው፤ ዳኛው የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች እጁን አንስቶ ይቆጥራል። ቀድሞ 6 ሰከንድ ነበር፣ ቅጣቱም ቀጥታ ያልሆነ ቅጣት ምት፤ ዳኞችም እምብዛም አይነፉትም ነበር። ዛሬም ኳስ አቅፎ ሣሩ ላይ የሚተኛ በረኛ ታሠለጥናላችሁ። በልምምድ ላይ አንድ ሰው ጮክ ብሎ ይቁጠርበት።

ወደ ኮምቦልቻ ሲወረድም የሚረሳ አለ። ከፍታው ከ600 ሜትር በላይ ይቀንሳል፤ አየሩ ወፈር ስለሚል ረጅም ኳስ ደሴ ላይ ከለመደው ትንሽ ቀድማ ትወርዳለች። ተሻጋሪ ኳስ ላይ ያቺ ትንሽ ጎል ናት። ከጨዋታ በፊት አሥር ረጃጅም ኳስ ይያዝ፣ አለቀ።

ሁለተኛው በረኛማ ከነመፈጠሩም ትዝ የሚለው የለም። በሳምንት ሁለት ቀን 40 ደቂቃ ለሁለቱ ብቻ ስጧቸው፤ አንዱ ይመታል፣ አንዱ ይይዛል። አሠልጣኝ ባይኖር እንኳ ይሠራሉ።

ጓንቱንም አትግደሉት። መዳፉ ላይ ያለው ላቴክስ ሲደርቅ ያንሸራትታል፣ ስለዚህ ከጨዋታ በፊት በውሃ አርጥቦ ጨመቅ ማድረግ ነው። ከጨዋታ በኋላ ያለ ኦሞ፣ ለብ ባለ ውሃ ጭቃውን በጣት እያሹ ማስለቀቅ፣ ሳይጠመዝዙ መጭመቅ፣ ጥላ ላይ ማንጠልጠል። እርጥቡን በፌስታል ከቋጠራችሁት ይሻግታል። ብርድ ነው ብላችሁ ከሰል ምድጃ ላይ ካሰጣችሁት ደግሞ መዳፉ ይሰነጣጠቅና በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል። አሁን ምድጃ አጠገብ የተሰቀለ ጓንት ያላችሁ፣ ተነሱና አውርዱት።