«ወራጅ አለ» የሚል ጉሮሮ «ቀስ በል» ማለት ለምን አቃተው?

ወገኖቼ፣ በቅርቡ ከመገናኛ ወደ ሲኤምሲ በሚሄድ ታክሲ ተሳፍሬ ነበር። ሾፌሩ በአንድ እጁ ስልክ፣ በሌላው መሪ ይዞ ይከንፋል። አንዲት እናት «ልጄ፣ በወላዲቷ፣ ቀስ በል» አሉት። ረዳቱ ሳቀ። ከኋላ የተቀመጠ ጎልማሳ «እማማ፣ ሰዓት ረፍዶብናል እኮ» አላቸው። የቀረነው መስኮት መስኮቱን አየን፤ እኔም ጭምር። እናቲቱ መድረሻቸው ሳይደርስ «ወራጅ አለ» ብለው ብቻቸውን ወረዱ። እፍረቱ እስካሁን አልለቀቀኝም።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ሲጀመር ከአራት ኪሎ እስከ መገናኛ፣ ከቦሌ እስከ መገናኛ መንገዱ ታደሰ፤ የእግረኛና የብስክሌት መስመር ተለየለት። ደግ ሥራ ነው። ግን መንገድ ሲያምር እግር ነዳጅ ላይ ይከብዳል። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ደግሞ ፍሬን ከተያዘ በኋላ መኪናው የሚሄደው ርቀት አራት እጥፍ ይሆናል። በ30 ቢሄድ ኖሮ ዜብራው ጋ ይቆም የነበረ ሚኒባስ፣ በ60 ሲመጣ ሕፃኗን ጥሶ ያልፋል። በዚህች ከተማ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ እግረኞች ናቸው። ይህንንም በሬዲዮ እየሰማን ቁርሳችንን እንበላለን።

ሲኖትራኩን «ቀይ ሽብር»፣ አይሱዙውን «አልቃይዳ» አልነው። ለሚገድለን ነገር ስም አውጥተን፣ ስም ማውጣቱ ተግሣጽ መስሎን ተቀመጥን።

አንተ እግረኛ ወንድሜ፣ ቀለበት መንገድ ላይ ልጅ አቅፈህ የኮንክሪት አጥር ትዘላለህ። የእግረኛ ድልድዩ ሩቅ ነው፣ ደረጃው ለአረጋዊ፣ ለነፍሰ ጡር፣ በዊልቸር ለሚሄድ አይሆንም ትላለህ። እውነትህን ነው። ታዲያ ወረዳው ስብሰባ ሲጠራ ይህን ለምን አላነሳህም? ስለ ውሃና ስለ መብራት የሚጮህ ሞልቷል፤ ስለ መሻገሪያ አንድ ቃል የሚተነፍስ ግን አላየሁም። የመንገድ ፖሊሲ የሚያወጡትም ዝምታችንን እንደ እሺታ ቢቆጥሩት ምን ይገርማል?

ሾፌር ወንድሜ፣ ዜብራ ላይ አሮጊቷ መሮጥ የለባቸውም፤ መቆም ያለብህ አንተ ነህ።

ተሳፋሪዎች ሆይ፣ ነገ ጠዋት ሾፌሩ ስልክ ሲያነሳ ያንን «ወራጅ አለ» የምትሉበትን ድምፅ አውጡት። አልሰማ ካለ የታርጋ ቁጥሩን ይዛችሁ ለትራፊክ ፖሊስ ንገሩ። እንደዚያች እናት ያለ ሰው ሲናገርም ብቻውን እንዲወርድ አትተዉት።