ያልደረሰበት ኳስ አይቆጠርበትም

በቤዝቦል ስለ ሾርትስቶፖች (በቤዞች መካከል ቆመው ኳስ ስለሚከላከሉ ተጫዋቾች) ክርክር ሲነሳ ዞሮ ዞሮ የሚያርፈው ኦዚ ስሚዝና ዴሪክ ጄተር ላይ ነው። ስሚዝ ኳስ በሚይዝበት ጓንቱ፣ ጄተር ኳስ በሚመታበት ዱላው። እኔ ከጓንቱ ወገን ነኝ፤ ምክንያቴ ግን የስሚዝ መገለባበጥ ለዓይን ስለሚጥም አይደለም።

ሾርትስቶፕ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቤዝ (መቺው በተራ ሮጦ በሚደርስባቸው ማረፊያዎች) መካከል ይቆማል። መቺው አንደኛው ቤዝ ለመድረስ 27 ሜትር ያህል ይሮጣል፤ አራት ሰከንድ ከምናምን ይበቃዋል። በዚያች ጊዜ ኳሱ ተደርሶበት፣ ተይዞ፣ ወደዚያው ቤዝ ተወርውሮ ማለቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ1978 ስሚዝ ገና የሳንዲዬጎ ጀማሪ ሳለ የአትላንታው ጄፍ በሮውስ የመታው ኳስ ሜዳውን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ መጣ። ስሚዝ ወደ ግራው ዘለለ። ኳሱ መሬት ነክቶ ባልታሰበ አቅጣጫ ሲነጥርበት፣ አየር ላይ እንዳለ ባዶ ቀኝ እጁን ሰዶ ቀለበው፤ ተነሥቶም ወረወረና መቺው ቤዙ ጋ ሳይደርስ ተራውን አስቀጨው።

ያ ኳስ ቢያመልጠው ኖሮ ማንም “ስህተት” ብሎ አይጽፍበትም ነበር። ለመቺው እንደ ጥሩ ምት ተቆጥሮ ያልፋል። የመከላከል ሒሳብ የሚያታልለን እዚህ ላይ ነው፤ ስህተት የሚመዘገበው ኳሱ ጋ በደረሰው ላይ እንጂ ባልደረሰው ላይ አይደለም። ጄተርም የደረሰበትን ኳስ እምብዛም አያበላሽም ነበር። ችግሩ የሚደርስባቸው ኳሶች ማነሳቸው ነው፤ አዳዲሶቹ ስሌቶች በዚህ ቦታ ከተጫወቱት ሁሉ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ያስቀምጡታል።

በዱላው ግን ማን ሊከራከር? 3,465 የተሳኩ ምቶች፣ 0.310 አማካይ (ከሺህ ሙከራ 310 ያህሉ የተሳካ)። ስሚዝ 0.262 ነው፤ በ19 ዓመት 28 ሆም ረን (መቺው ቤዞቹን ሁሉ ዞሮ ነጥብ የሚያስቆጥርበት ምት) ብቻ። (በ1987 አንድም ሆም ረን ሳይመታ በብሔራዊ ሊግ የኮከብ ተጫዋች ምርጫ ሁለተኛ መውጣቱን ግን ልብ ይሏል።) እርግጥ ጓንት ብቻውን ሁሌ አያዋጣም። የባልቲሞሩ ማርክ ቤላንገር በ0.228 አማካይ ስምንት የወርቅ ጓንት (የምርጥ ተከላካይ ሽልማት) የወሰደው፣ ነጥብ የሚያመጡ ጓደኞች ስለነበሩት ነው።

ያዳኑት ነጥብ ካስቆጠሩት ነጥብ አያንስም። ዱላ ደግሞ ቦታ አይመርጥም፤ ጥሩ መቺ ሦስተኛው ቤዝ ላይም ቢቆም ተራው ሲደርስ ያው መቺ ነው። የሾርትስቶፕ እግርና ክንድ ግን ሌላ ቦታ ከተወሰደ ግማሽ ዋጋውን ያጣል። ስለዚህ “ጄተር ይሰለፍ ወይስ አይሰለፍ” የሚለው ጥያቄ አይገባኝም። ይሰለፍ እንጂ! የት የሚለው ነው ጥያቄው።

የጄተር ቡድን ያንኪስ በ2004 መልሱ እጁ ላይ ነበር። በሾርትስቶፕነት ሁለት ተከታታይ የወርቅ ጓንት ያገኘው አሌክስ ሮድሪጌዝ ከቴክሳስ መጣ። ወደ ሦስተኛው ቤዝ የተዛወረው ሮድሪጌዝ ነው። በዚያው ዓመት ደግሞ የሊጉ አሠልጣኞች መርጠው የመጀመሪያውን የወርቅ ጓንት ለጄተር ሰጡት።