አስር ሰከንድ ብቻ

በህንድ ፊልምና ተከታታይ ድራማ ክፉው ሰው ገና ብቅ ሲል ይታወቃል፤ ሙዚቃው ያሳብቅበታል። የመድረክ ተውኔቶቻቸው ግን እንዲህ አይቀሉም። ሴቷን የሚያዋርዳት ብዙ ጊዜ ወሮበላ አይደለም። የተማረ፣ ጨዋ የሚባል ሰው ነው።

ቪጃይ ቴንዱልካር እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ በማራቲ ቋንቋ የጻፈውን «ዝምታ! ችሎቱ ተሰይሟል» እንውሰድ። አማተር ተዋንያን ለትርኢት አንድ መንደር ይሄዳሉ። ሰዓቱ እስኪደርስ ለጨዋታ ያህል የውሸት ችሎት ያቋቁማሉ። ተከሳሿ ሊላ ቤናሬ የምትባል ያላገባች አስተማሪ ናት። ክሱ ሕፃን መግደል ነው። ቀልዱ እየከረረ ሲመጣ የሴትዮዋ እውነተኛ ገመና ይዘረገፋል፤ ማርገዟ ጭምር። ያስረገዛት ባለትዳር ፕሮፌሰር በቦታው የለም፤ የሚከሰውም የለም። ልትወጣ ስትል በሩ ተቀርቅሯል።

ዳኛው መከላከያ እንድታቀርብ የሚሰጣት አስር ሰከንድ ነው። ዝም ትላለች። ከዚያ ረጅሙን ንግግሯን ስትጀምር ሌሎቹ በያሉበት ደርቀው ይቀራሉ። የሚሰማት ተመልካቹ ብቻ ነው። ፍርዱስ? በሆዷ ያለው ፅንስ ይጥፋ! ያውም ሕፃን ገድለሻል ተብላ የተከሰሰች ሴት።

እኔን የበለጠ የሚያበግነኝ ግን የዳኛው ሚስት ነገር ነው። ባሏ ትንፍሽ ባለች ቁጥር አፏን ያዘጋታል። ቤናሬን ጎትታ ተከሳሽ ሳጥን ውስጥ የምታቆማት ግን እሷው ናት።

ሌላው ህንዳዊ ጸሐፌ ተውኔት ማሄሽ ዳታኒ «ታራ» በተሰኘው ተውኔቱ ይህንኑ፣ ሴት በሴት ላይ መነሳቷን፣ ወደ እናት ያመጣዋል። መንትዮቹ፣ ወንድና ሴት፣ ተጣብቀው ነው የተወለዱት። ያላቸው ሦስት እግር ነው። ሦስተኛው ደሙን በብዛት የሚያገኘው ከሴቷ ቢሆንም፣ በቀዶ ጥገና ሲለያዩ ለወንዱ ይሰጣል። ሁለት ቀን ቆይቶ ተቆረጠ። ውሳኔው የእናትና የአያት ነበር፤ ሐኪሙም ውለታው በመሬት ተከፍሎታል። ዱላ የለ፣ ስድብ የለ። ሁሉም በስምምነት።

ቴንዱልካር በ«ካማላ» ደግሞ የሴቶችን ሽያጭ ለማጋለጥ ብሎ ሴት ገዝቶ ቤቱ የሚያመጣ ጋዜጠኛ አለው። የተገዛችው ካማላ የጋዜጠኛውን ሚስት፣ ሳሪታን፣ አንቺንስ በስንት ገዛሽ ትላታለች። ሳሪታ ዓይኗ የሚገለጠው ያኔ ነው። አጨራረሱን ግን አልወደድኩትም። ባሏ ከሥራ ሲባረር ልታጋልጠው ያሰበችውን ትታ፣ አዝናለት አብራው ትቀራለች። ለጊዜው ነው ትላለች። ስንቷ ሴት ለጊዜው ብላ እንደቀረች ሳስበው ግን፣ ቴንዱልካር ዋሸ ለማለት ይቸግረኛል።