ማስተካከያ፦ በኦጋዴን ጦርነት የሶቪየት ታንክ መጀመሪያ የማን ነበር?

ሰሞኑን ብዙ የተጋራ አንድ ጽሑፍ እንዲህ ይላል፦ ኢትዮጵያ ጦርነቱን የጀመረችው በሶቪየት ታንኮች የበላይነት ይዛ ነው፤ ሶማሊያ የተዋጋችው በአሜሪካ ታንክ ነው። ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው።

ጦርነቱ በ1969 ክረምት ሲፋፋም በሶቪየት ታንክ ብልጫ የነበራት ሶማሊያ ናት። ቲ-34 እና ቲ-55 ተደምረው ወደ 250 ገደማ ይሆናሉ። የኢትዮጵያ ታንኮች በአብዛኛው የአሜሪካ ስሪት ነበሩ፤ ኤም-41፣ ኤም-47 እና ጥቂት ኤም-60። በቁጥር ከሶማሊያ ግማሽ እንኳ አይሞሉም። በዚያ ላይ ከዋሽንግተን ጋር የነበረው ግንኙነት ስለሻከረ መለዋወጫ ማግኘት ራሱ ጭንቅ ነበር። ይህን የሚያሳዩት የዘመኑ ዓለም አቀፍ የጦር ኃይል ዝርዝሮችና የጦር መዛግብትን ያገላበጡ የታሪክ ጥናቶች ናቸው።

ሚዛኑ የዞረው በኋላ ነው። ሶማሊያ ኅዳር 4 ቀን 1970 የሶቪየት አማካሪዎችን አባረረች፣ ከኩባም ጋር ተቆራረጠች። ከዚያ የሶቪየት መሣሪያ በአየርና በባሕር ወደ ኢትዮጵያ ጎረፈ። ታንክ የሚነዱ ኩባውያንም መጡ። በካራማራ ውጊያ ቀላል ብረት ለበስ ተሽከርካሪዎች ሳይቀሩ በሄሊኮፕተር ተራራውን ተሻግረዋል። ጅጅጋ የካቲት 26 ቀን 1970 ነጻ ወጣች።

ስህተቱ ቀላል አይደለም። የበላይነቱ ከመጀመሪያው የእኛ ነበር ካልን፣ ጅጅጋ መስከረም ላይ ለምን እንደወደቀች ጭራሽ አይገባም። በፎቶም ያሳስታል፤ ቲ-55 ስለታየ ብቻ የኢትዮጵያ ነው ማለት አይቻልም። በተለይ ፎቶው ከኅዳር በፊት የተነሳ ከሆነ።