ሊንኩን ላኩልኝ፤ ላወግዝ ነው

ሰሞኑን ደግሞ የአንዲት ታዋቂ አርቲስት «ጉድ» ወጣ። የማን እንደሆነ መናገር አያስፈልገኝም፤ ከእኔ በፊት አይታችሁታል። ለማውገዝ ማለቴ ነው።

እኔ ዛሬ የተነሳሁት ላመሰግን ነው። ከቪዲዮው ሥር ተሰልፈው «እግዚኦ! ስምንተኛው ሺህ!» ብለው ከጻፉ በኋላ እዚያው ላይ «ሙሉው ያለው በውስጥ ይላክልኝ» ለሚሉት ወገኖቼ ምስጋና ይድረሳቸው። እንደ እነሱ ያለ ጠንቃቃ ዳኛ አላየሁም። ግማሹን አይቶ መፍረድ ኃጢአት መሆኑን ያውቃሉ፤ ማስረጃውን ከዳር እስከ ዳር ሳይመረምሩ ድንጋይ አያነሱም። የመሬት ክርክር መዝገብ በዚህ ትጋት ቢገላበጥ ኖሮ ስንቱ ባለጉዳይ ከቀጠሮ በተገላገለ!

የዩቲዩብ ባለሙያዎቻችንንም አልረሳም። ፊቷ ላይ ቀይ ክብ፣ ከጎኑ ቀይ ቀስት፣ ከሥሩ «ልብ የሚሰብር!»። ሰውዬው «ባህላችን ጠፋ» እያለ ግማሽ ሰዓት ያለቅሳል፤ ከኋላው ምስሉ ይመላለሳል። ብለር ተደርጓል እርግጥ፤ ብለሩን አልፋ እናቷ ቀርቶ የሰፈሯ ድመት ትለያታለች። እንባውን ጠርጎ ሲጨርስ ሰብስክራይብ ማድረግና የደወሏን ምልክት መጫን እንዳንረሳ ያሳስበናል። እኛ ስንተኛ ደግሞ ዲሲ ያሉት ይረከባሉ። በዚህ አገር መብራት የማይጠፋበት ነገር ቢኖር ውግዘት ነው።

ከሁሉ ግን ልቤን የነካው የአንድ እድር ታሪክ ነው። (የትኛው እድር እንደሆነ አልናገርም፤ አባል ነኝ፣ ስሞት ድንኳን እፈልጋለሁ።) የእድሩ ቴሌግራም ግሩፕ የተከፈተው ለቅሶ ለመንገር፣ የወር መዋጮ ለማስታወስና የጠፉ ሳህኖችን ለማፈላለግ ነበር። አንድ ምሽት አንዱ አባል «ይህን ጉድ እዩልኝ» ብሎ ቪዲዮውን ለቀቀው። ሊቀመንበሩ ወዲያው «ይህ የሐዘን ግሩፕ ነው! በአስቸኳይ ይጥፋ!» አሉ። ትንሽ ቆይተው «ለመሆኑ ሙሉው ነው ወይስ ቁራጭ?» ብለው ጠየቁ። ጸሐፊው ጉዳዩ በስሜት ሳይሆን በአሠራር መታየት እንዳለበት አሳሰበ፤ ሰባት አባላት ያሉት አጣሪ ኮሚቴ ይቋቋም ተባለ። ለድንኳን ጥገና ሦስት ሰው ጠፍቶበት የነበረ እድር ለኮሚቴው አርባ እጩ አቀረበ። ገንዘብ ያዡ የኢንተርኔት ጥቅል ከካዝና እንዲገዛ አስፈቀደ፤ ወጪው «ልዩ ልዩ የሐዘን ወጪ» በሚለው ሥር ተመዘገበ።

ኮሚቴው አንዴ አየ። ምስሉ ደብዘዝ ስላለበት ደገመው። በሁለተኛው ዙር ንቅሳቱ ያለው በግራ ትከሻዋ ነው በቀኝ የሚል የአቋም ልዩነት ስለተፈጠረ ሦስተኛ እይታ ግድ ሆነ። ጡረተኛው ሻምበል «ሰፋ ያለ ስክሪን ላይ ካላየሁ አልፈርምም» በማለታቸው ስብሰባው ቴሌቪዥን ወዳለበት ወደ ጸሐፊው ቤት ተዛወረ። አንዲት የተከበሩ እናት «እኔ እንዲህ ያለውን ነገር ዐይኔን ጨፍኜ ነው የማልፈው» ካሉ በኋላ ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ከበስተኋላ የሚታየው መጋረጃ መርካቶ ስንት እንደሚሸጥ ለኮሚቴው አስረዱ። የጸሐፊው ባለቤት ቡና አፈላች። በመጨረሻ ቃለ ጉባኤ ተያዘ፤ እድሩ ድርጊቱን በሙሉ ድምፅ አወገዘ። ያልተገኙ አባላትም ምን እንዳወገዙ እንዲያውቁ ቪዲዮው «አባሪ አንድ» ተብሎ ከቃለ ጉባኤው ጋር ተላከላቸው።

በዚያው ምሽት፣ በእነዚያ ሁሉ መልእክቶች መሐል፣ የአንድ አባል እናት ማረፋቸው ተነግሮ ነበር። ማን ያየዋል? ከቤተሰቡ በቀር ቀብር ላይ የተገኙት ስማርት ስልክ የሌላቸው ሽማግሌዎች ናቸው።

ይህን ትጋት እኛ ጀመርነው ብዬ ግን አልመጻደቅም። የአሜሪካ ምክር ቤት የፕሬዚዳንት ክሊንተንንና በዋይት ሀውስ ተለማማጅ የነበረችውን የሞኒካ ሌዊንስኪን ግንኙነት ከላይ እስከ ታች የዘረዘረውን 445 ገጽ ሪፖርት ለሕዝብ ለማውጣት ድምፅ ሲሰጥ 363 ለ63 ነው ያለፈው። እዚያው ቀን ኢንተርኔት ላይ ተለቀቀ፤ ከአንባቢው ብዛት ድረ ገጾቹ ተጨናነቁ። ያም ለማውገዝ ነበር። ቀኑ ሴፕቴምበር 11 ቀን 1998 ነው፤ በእኛ ሲሰላ መስከረም 1 ቀን 1991። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ያሉት አባቶቻችን ዋሽንግተንንም ያውቋት ነበር ማለት ነው።

የአፈ ጉባኤውን ወንበር ብቻ ተመልከቱልኝ። በወቅቱ የተቀመጠበት ኒውት ጊንግሪች፣ ያን ጊዜ እሱም በትዳሩ ላይ ይማግጥ እንደነበር በፈረንጆቹ 2007 ራሱ ተናገረ። ሊተካው የታጨው ቦብ ሊቪንግስተን፣ የራሱ ጉድ ሊወጣ ሲል፣ ምክር ቤቱ በክሊንተን ላይ ክስ ባጸደቀበት በዚያው ዕለት ወንበሩን እንደማይፈልግ አስታወቀ። ከዚያ ዴኒስ ሃስተርት ተቀመጠበት፤ በፈረንጆቹ 2016 ተፈረደበት። ክሱ የባንክ ገንዘብ አወጣጥ ቢሆንም፣ ገንዘቡ የትግል አሠልጣኝ ሳለ ላስነወረው ተማሪው የሚከፍለው የአፍ ማዘጊያ ነበር። የእኛ እድር ቢያንስ መጋረጃ ነው የቆጠረው።

እዚህ ላይ ሽሙጡን ላቁም። ሌዊንስኪ ያኔ 25 ዓመቷ ነበር። ፕሬዚዳንቱ ዘመኑን ጨርሶ በሰላም ከቤተ መንግሥቱ ወጣ፤ እሷ ግን ስሟ የዓለም ቀልድ ሆኖ ቀረ። የእኛዋም ያው ናት። ቪዲዮው ስክሪን ልታስቀይር ስልኳን ከሰጠችው ጠጋኝ ይውጣ ወይም ካኮረፈ የቀድሞ ፍቅረኛ፣ የተሰረቀ ነው። ታዲያ በዚያ ሁሉ አስተያየት ውስጥ «ሌባው ማን ነው?» ያለ አንድ ሰው ፈልጌ አጣሁ። አብሯት የነበረው ወንድስ? ስሙን የጠየቀ የለም፤ ነገም ሥራው ይገባል። እሷ ግን ከቤት መውጣት አትችልም፤ እናቷ ገበያ ላይ ትጠቆማለች። አንተ «እግዚኦ» ብለህ ለአሥራ ሦስት ግሩፕ ያስተላለፍከው ሰውዬ፣ እህትህ ብትሆንስ አልልህም። እህትህ ባትሆንም ሰው ናት። የሌባው አከፋፋይ ነህ፤ ሌላ ስም የለህም!

ወደ ምስጋናዬ ልመለስ። የቀሩኝ «አስመሳይ» አጋላጮቹ ናቸው። እነዚህ ጀግኖች ዓመታት ወደ ኋላ ተጉዘው፣ ልጅቷ በጾም ወቅት የለጠፈችውን ጥቅስ ቆፍረው፣ በስክሪን ሾት ያቀርባሉ። «ጥቅስ እየለጠፍሽ!» ይሏታል። ጥቅስ መለጠፍ ለኃጢአተኛ እንደማይፈቀድ እኔ በበኩሌ አላውቅም ነበር፤ የማውቀው መጽሐፍ ለኃጢአተኛ የተጻፈ ይመስለኝ ነበር።

ከመካከላቸው አንዱን በቅርብ አውቀዋለሁ። ሁለት አካውንት አለው። በአንዱ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ ደጀ ሰላም ላይ ቆሟል፤ የሚያወግዘው በዚህ ነው። በሌላው ስሙም ፎቶውም የለም፤ አንዲት ቀይ አበባ ብቻ። ሊንክ የሚለምነው በዚያኛው ነው። ባለፈው ሌሊት ሁለት ስልክ ይዞ ሲሠራ ሳያስተውል ሁለቱ አንድ ልጥፍ ሥር ተገናኙ። ነጠላው አበባውን «ባለጌ!» አለው። አበባው «አስመሳይ!» ብሎ መለሰለት። ሁለቱም ብዙ ላይክ አገኙ።